የኔታ የጻፉልኝ የመጽሐፍ ሽፋን

ሽፋን ሊያሠሩ የሚመጡ ወጣት ደራሲዎች ወንበሩ ላይ ከተደላደሉ በኋላ የሚሉኝ ነገር አንድ ነው፤ ሥዕል አይግባበት፣ ፊደሉ ራሱ ይናገር ይሉኛል። አዲስ ነገር ያመጡ ይመስላቸዋል። እሺ እላለሁ፣ ሥራዬ ነው። ሐዘን የሚለውን ቃል አስጎንብሼ፣ እሳት የሚለውን አንቀልቅዬ፣ ብርድ የሚለውን አኮማትሬ እሰጣቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ፊደል ያናገርኩት የት እንደሆነና ምን እንዳናገርኩት አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም ነበር። አሁን ግን አርጅቻለሁ፣ ስለዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው ላሊበላ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የወጣቱ ስም በየቀበሌው በሚመዘገብበት ዘመን። ከሽፋኑ በፊት ግን ስለ የኔታ መናገር አለብኝ። እሳቸው ባይኖሩ ሽፋኑም አይኖርም ነበር።

የኔታ የቁም ጽሕፈት መምህሬ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብርዕ መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ ቤታቸው ከአሸተን ማርያም በታች፣ ዳገቱ ላይ፣ ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴ ለእሳቸው አስረከበችኝ። ክፉ ሰው ነበሩ። ይህን ስል የሚቆጡኝ የዚያን ጊዜ ጓደኞች አሉ፤ ጥብቅ ነበሩ በል እንጂ ይሉኛል። ጥብቅ ሰው ስታጠፋ ሲያገኝህ ይመታሃል። እሳቸው ግን ጥፋቱን ቁጭ ብለው ይጠብቁት ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ብርዕ አላስነኩኝም። የፍየል ቆዳ እዘፈዝፋለሁ፣ እወጥራለሁ፣ እፍቃለሁ። በላስታ ብርድ፣ በጠዋቱ፣ እጄን ከዚያ ውኃ ሳወጣው ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም ነበር። በሦስተኛው ዓመት ብርዕ ሲሰጡኝ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። መስመር በጨረስኩ ቁጥር ከጀርባዬ ይቆሙና «ቀና ነው?» ይላሉ። ቀና ነው ካልኩ ከመስመሩ ሥር ክር ይወጥሩበታል፤ ክሩ ካጋለጠኝ ማስመሪያው እንጨት ጣቶቼ ላይ ያርፋል። አይደለም ካልኩም እያወቅህ ለምን ጻፍኸው ተብሎ ያው እንጨት ያርፋል። እሳቸው ራሳቸው «ቀና ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ እኔም፣ ስለ ማንም። ያን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ምን ያህል እመኝ እንደነበር ለእናቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

የመጀመሪያዬን ሙሉ ገጽ የጻፍኩ ዕለት ተማሪዎቹን ሁሉ ሰበሰቡ። ጠየቁኝ፤ ቀና ነው የኔታ አልኩ፣ እውነትም ቀና መስሎኝ ነበር። ክሩ ሲወጠር የመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል ወርዷል። አንድም ቃል ሳይናገሩ ቢላቸውን አነሡና ብራናዬን እንደ ቋንጣ ተለተሉት። ከትልታዮቹ በአንደኛው የበራቸውን መወርወሪያ አሰሩበት። ከዚያ በኋላ ስገባም ስወጣም በሩን የምከፍተው የራሴን ፊደል ጨብጬ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው አስተምረውኛል። ፊደል አያለቅስም፣ አይስቅም፣ የሚያለቅሰውም የሚስቀውም አንባቢው ነው ይሉ ነበር። ሞት የሚለውም ቃል ትንሣኤ የሚለውም ቃል እኩል ቁመት፣ እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ፊደሉ ላይ የጸሐፊው ስሜት ከታየ ገጹ ይፋቃል። እኔም በዚህ አምኜ ነበር ያደግኩት።

አንድ ቀን መፋቂያዬን ጥዬ ላልመለስ ወደ ከተማው ወረድኩ። እሳቸውም የእሱ እጅ የጨው ከረጢት ላይ ለመጻፍ ይበቃል ብለው በከተማው አስወሩብኝ። ላሊበላ ትንሽ ናት፤ ሳምንት ሳይሞላ ገበያ ላይ ጨው ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ይስቁብኝ ጀመር። የሚቀጥረኝ ደብር አልነበረም። በመጨረሻ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁና በቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር የምጽፍ የቀን ሠራተኛ ሆንኩ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከደሴ የመጣ ሰው ነበር። ካኪ ለባሽ፣ ንግግሩ ሁሉ የስብሰባ፣ ነገር ግን ለፊደል ዓይን የነበረው። አንድ ቀን ጠርቶ አንድ የውጭ አገር መጽሔት አሳየኝ። ቋንቋውን ሁለታችንም አናውቀውም፤ ፊደሎቹ ግን ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ፣ ጡጫ ይሰነዝራሉ። ማንበብ የጀመሩ ገበሬዎች የጻፏቸውን አጫጭር ጽሑፎች ሰብስቦ በማባዣ ማሽን መጽሐፍ ሊያደርጋቸው ነው። የመጽሐፉ ስም «ድንቁርና ይውደም» ነው። ሥዕል ካደረግንበት ሥዕሉን አይተው ይተዉታል፣ ስለዚህ ቃሉ ራሱ ሥዕል ይሁን አለኝ። ከደሴ የሚመጡት አለቆች ሽፋኑን ከወደዱት ቋሚ ሠራተኛ አደርግሃለሁ አለ። ቋሚ ሠራተኛ ደግሞ በዚያ ዙር ለውትድርና አይወሰድም ነበር።

ስሜ የቀበሌው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ እናቴ ከአንድ የቀበሌ ጥበቃ ሚስት ሰምታ ነበር። ከሰማች ጀምሮ እህል በአፏ አይዞርም። ከእኛ ሰፈር የሄዱት ሁለቱ አልተመለሱም፣ መርዷቸውም በቅጡ አልመጣም። ሽፋኑ ካማረ ቤቴ እቀራለሁ፤ ካላማረ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽፋን ሠርቻለሁ፣ ነፍሴን ያስያዝኩበት ግን እሱ ብቻ ነው።

ይውደም የሚለው አላስቸገረኝም። የቀበሌው ጥበቃ የጣለው አሮጌ ከስክስ ጫማ ነበር፤ ሶሉን ገንጥዬ ፊደሎቹን ገልብጬ ቀረጽኩበት። ቀይ ቀለም እያስነካሁ በየሽፋኑ ላይ ላትመው ነው። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ የጫማው ጥርስ በየፊደሉ ጠርዝ ላይ የሚታይ ቃል ሆነ። ሌላውን ቃል ቁልቁል ሲረግጠው መታየት አለበት። ኃላፊው የሙከራውን ኅትመት ሲያይ ጠረጴዛውን መታ።

የሚረገጠው ቃል ነው ያስቸገረኝ። ፊደላችን እግር አለው፣ ወገብ አለው፣ አንገት አለው፤ አሮጌ፣ ዕውር፣ የሚንገዳገድ ድንቁርና ልሠራ ፈለግኩ። በሐሳቤ የመጣው የየኔታ እጅ ነው። ዓይናቸው ከደከመ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። መጨረሻ የጻፉትን መጽሐፍ፣ ያሠራቸው ደብር ካህናት አፍረው ዕቃ ቤት ቆልፈውበታል ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ያዘዛቸው ሰው የለም። በላሊበላ የጸሐፊ እጅ እንደ ፊቱ ይታወቃል። ሽፋኑ ላይ ያን እጅ ያየ ካህን ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ሌላ የሚንገዳገድ ፊደል መፍጠር እችል ነበር፣ አልፈለግኩም እንጂ። የእሳቸው እንዲሆን ነው የፈለግኩት።

ኃላፊው ለሽፋኑ የሰጠኝ ሦስት ስቴንስል ብቻ ነበር፤ ሰም የተቀባ ሰማያዊ ወረቀት ነው፣ በብረት ብዕር ሰሙን ትጭርበታለህ፣ ቀለሙ ኋላ ማሽኑ ላይ በጭረቱ ያልፋል። የመጀመሪያው ላይ ስሳሳት እንደለመድኩት ምላጭ አንሥቼ ፋቅኩት። ብራና መስሎኝ ነው፤ ወረቀቱ ለሁለት ተቀደደ። ሁለተኛው ላይ የየኔታን መንቀጥቀጥ አስመስዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አየውና ይህ የሰካራም እጅ ነው፣ ያረጀ ሰው እጅ አይደለም አለኝ። ልክ ነበር። ጤነኛ እጅ መንቀጥቀጥ አይችልም፣ መወላገድ ብቻ ነው የሚችለው። እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ቀርቷል፤ የቀረኝም ስቴንስል አንድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስቴንስሉን ሰሌዳ ላይ አጣብቄ ዳገቱን ወጣሁ። የበሩ መወርወሪያ ላይ ያ የብራናዬ ትልታይ እንደታሰረ ነበር፣ ጠቁሮና ጠንክሮ። ጨበጥኩትና ገባሁ። የኔታ በደጃፉ ወደሚገባው ብርሃን ዞረው ተቀምጠዋል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«ኸጨው ከረጢቱ ደከመህ?» አሉ።

መጽሐፍ ሊወጣ ነው፣ ለሽፋኑ የእርስዎን እጅ ነው የፈለግነው አልኳቸው። የት ደብር ነው ሲሉኝ የመንግሥት ነው አልኩ። ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ «የኔን እጅ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ተነሥተው ከእንስራው ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ። አማትበው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

ብረት ብዕሩን ስሰጣቸው ቀለሙስ አሉ። ሰሙ እንደሚጫር፣ ቀለሙ ኋላ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። አዲስ ብርዕ የያዘ የብራና ጸሐፊ ሁሉ እንደሚያደርገው መጀመሪያ በቀኝ በኩል ከታች፣ ኅዳጉ ላይ «ፍትነተ ብርዕ» ብለው ጻፉ፤ ብርዕን መሞከሪያ ማለት ነው። ብራና ሲጠረዝ ኅዳጉ ስለሚቆረጥ ጸሐፊ እዚያ የፈለገውን ይሞክራል። እኔም ከዚያው ቤት የወጣሁ ነኝና ሲጽፉት እያየሁ ምንም አልመሰለኝም። ስቴንስል የተጫረበትን ሁሉ እንደሚያትም ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

ምን ልጻፍ አሉ። ድንቁርና አልኩ። ብቻውን ወይ አሉ። ቀሪውን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ ትልቁን ቃል ግን ከእርስዎ እጅ በቀር የሚሸከመው የለም አልኳቸው። ስንት ዘመን ውዳሴ ሲነፍጉኝ የኖሩ ሰው ውዳሴ ሲሰጣቸው እንዴት በቀላሉ እንደሚያምኑ ያን ቀን አየሁ። ባላመኑኝ ይሻል ነበር።

ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ሰማያዊ ሰም ላይ ጭረት ለጤነኛ ዓይን እንኳ በጎን ካልሆነ አይታይም፤ እሳቸው የሚጽፉትን ጨርሶ አላዩትም። ድ ከወገቧ ተሰበረች፣ ን ወደ ኋላ ተንጋለለች፣ ቁ ተንጠለጠለች፣ ር እና ና አንዷ በሌላዋ ላይ ወደቁ። ቃሉ ሁሉ ወደ ቀኝ ጥግ ቁልቁል ይንሸራተታል። በሕይወቴ እንዲህ የሚናገር ፊደል አይቼ አላውቅም። በአንድ ቃል ውስጥ እርጅናም ዕውርነትም ፍርሃትም ነበረበት፤ እኔ መቶ ስቴንስል ባበላሽ አላመጣውም ነበር።

ጨርሰው ብረቱን አስቀመጡ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀና ነው?» አሉ።

ክር አልያዙም፣ እንጨትም አልያዙም። ያን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፣ በዚያ ድምፅ ግን ሰምቼው አላውቅም። መልሱን ስላላወቁ ነበር የጠየቁኝ።

«ቀና ነው የኔታ» አልኩ።

ሲታተም አንዱን አምጣልኝ ብለው መረቁኝ። ዳገቱን ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እሮጥ ነበር።

ማሽኑ የመጀመሪያውን ቅጂ ሲተፋ ያ «ፍትነተ ብርዕ» ጥጉ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ ግልጽ፣ ማንም ሊስተው በማይችል እጅ። ደነገጥኩ። ኃላፊው ምንድን ነው አለኝ፤ ሲገባው ሳቀ። ጓድ፣ ድንቁርና ራሱ ፈርሞበታል ማለት ነው፣ አትንካው አለኝ። በየቅጂው ላይ ቀዩን ይውደም በራሴ እጅ እየረገጥኩ አተምኩት። የደሴዎቹ እንግዶች መጥተው አዩት፣ አጨበጨቡ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። በሳምንቱ የቋሚነት ደብዳቤዬ ወጣ። እናቴ ደብዳቤውን ማንበብ አትችልም ነበር፤ ማኅተሙን ሳመችው። የቀበሌው ኮታ ግን በእኔ ምክንያት አልቀነሰም፤ ቦታዬ በአንድ ሸማኔ ልጅ ተሞላ። ልጁን አውቀው ነበር፣ አልተመለሰም።

መጽሐፉ በየንባብ ቤቱ ተበተነ። ጋሸና ድረስ ሄዶ ለሹፌሮች ቆሎ ሲጠቀለልበት አይቻለሁ። ላሊበላ ውስጥ ግን የእጁን ባለቤት የማያውቅ አልነበረም። ካህናቱ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ሽማግሌው ለራሳቸው መሰደቢያ ፈርመው ሰጡ አሉ። ቀጥሎ ሳቁ። ሕፃናቱ ደግሞ የኔታ በመንገድ ሲያልፉ ያን ቃል እየጮኹ ይከተሏቸው ጀመር፤ ስም ሆኖ ወጣላቸው። እሳቸውም መጽሐፋቸውን የሚያነቡ ልጆች መስለዋቸው ዘወር እያሉ በመስቀላቸው ይባርኳቸው ነበር። ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

የለመኑኝን ቅጂ አልወሰድኩላቸውም። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ለምን እንደያዝኩት ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ከፊሌ እንዲያዩት ይፈልግ ነበር።

አንድ የበዓል ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ደረጃ አጠገብ ተገናኘን። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ እጀ ጠባቤን ያዙኝና መጽሐፌስ አሉ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፀሐይ ወዳለበት ዞረው ሽፋኑን ትንሽ ብርሃን ወደቀራት ግራ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ቅንድባቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጣታቸው ከድ ጀምሮ ቃሉን ተከተለ። ቃሉ ሲወርድ ጣታቸውም አብሮ ወረደ። ጥጉ ላይ ደርሶ ፍትነተ ብርዕ የሚለውን ሲያገኝ ቆመ። ሰው በአጠገባችን ያልፋል፣ ሰላም ይለናል፣ እሳቸው አይመልሱም። ግዝት ጠበቅኩ፣ እርግማን ጠበቅኩ። ጥፊም ቢሆን እወድ ነበር።

ጣታቸው ወደ ቀዩ ቃል ተመለሰ።

«ይኸንንስ ማን ጻፈው?» አሉ።

እኔ ነኝ የኔታ፣ ከጫማ ሶል ቀርጬ ነው አልኩ።

ከጋቢያቸው ጥለት ላይ አንድ ክር መዘዙ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው መካከል ወጠሩት፣ ከይውደም ሥር አስተኙት፣ ዓይናቸውን አስጠግተው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ድሮ ስንፈተን እንደነበረው፣ በዚያ ሰዓት እንኳ፣ በዚያ ነገር ላይ እንኳ፣ እንዳልወድቅ እፈራ ነበር።

«ይኸ ቀና ነው» አሉ።

ክሩን መጽሐፉ ውስጥ አድርገው ከደኑትና መለሱልኝ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረዱ። ክሩ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ ከሠራኋቸው ሽፋኖች በአንዱም ላይ ወጥሬው አላውቅም።